ሁለት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ

አንድ ባለጸጋ ሰው ነበረ፤ ከከብቱና ከመሬቱ ይልቅ በቁጥር ዕውቀቱ የሚኮራ።

ቆይ፣ አቶ አጥናፉ፣ አታቋርጠኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። የእድር ሰብሳቢ ነህ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ከነቤተሰቧ አባል ልሁን ብላ መጣች። አባሎችህ «እሷ ከገባች እኛ እንወጣለን» አሉ። አንተም ጭንቅ ብሎህ እኔ ዘንድ መጣህና «የኔታ፣ ለአንዲት ሴት ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ልበትን? ከስንቱ መካከል አንድ ቢጎድል ምን ይታወቃል?» አልከኝ። የጠየቅኸው የቁጥር ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በመጣህበት እመልስልሃለሁ። አንተ ብቻ ስማ።

ይህ ባለጸጋ የሚኖርበት ደብር አጥቢያው ሰፊ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ታቦቱ ለጥምቀት የሚወርድበት ወንዝ ከታች ነው። በሁለቱ መካከል ረግረግ አለ። ከሥሩ ምንጭ ስላለበት በበጋም አይደርቅም። አንድ ዓመት በከተራ ዕለት፣ ታቦቱን የተሸከሙት ቄሰ ገበዝ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ዲያቆናቱ ከግራ ከቀኝ ተረባርበው ባይደግፏቸው ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ነው! ሕዝቡ «እግዚኦ!» ብሎ ጮኸ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ያን ዕለት እህል የቀመሰ ሰው ቢኖር የሚጣፍጠው አልነበረም።

በዓሉ እንዳለፈ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰበና ረግረጉን የሚያሻግር የድንጋይ መንገድ ለመሥራት ተማማለ። ቄሰ ገበዙም መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ። «ከየቤቱ አንድ ጥርብ ድንጋይ ይመጣል፤ ሀብታምም አንድ፣ ድሃም አንድ። ልኩ ክንድ በክንድ ነው። ባለቤቱ በገዛ እጁ ያስቀምጠዋል። ሁለት ያመጣ፣ የመጣውን የሰበረ፣ የሌላውን ነቅሎ የጣለ ውጉዝ ይሁን። መንገዱም ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ይሁን፤ ጎዶሎ ረድፍ እንዳይኖርበት» አሉ። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ይሁን!» አለ።

አሠሪ ሆኖ የተመረጠው ያ ባለጸጋ ነው። እሱም ደስ ብሎት ብድግ አለና፣ «ለሚመጣው ጥምቀት ታቦቱን የተሸከመ እግር ጭቃ ከነካው፣ እኔን ከዚያ በኋላ በዚህ አገር አታዩኝም» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ይኸ ቀላል ቃል አይደለም። አባቱ የተቀበረው፣ ልጆቹን የዳረው እዚያው ነው። ቃሉን ካልፈጸመ ያንን ሁሉ ጥሎ መሰደዱ ነው።

ያን ሰሞን በዚያ አገር ፋታ ያጣ ሰው ቢኖር ቀጥቃጩ ነበር። ድንጋይ የሚጠርብ ሁሉ መሮ የሚያሠራው፣ የደነዘዘበትንም የሚያስለው እሱ ዘንድ ነዋ። ሰዉ መሮውን ይቀበለዋል፤ ደጃፉን ግን አያልፍም፣ ከቤቱም ውሃ አይጠጣም። ልማዱ እንዲያ ነበር። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይላሉ።

ታዲያ ቀጥቃጩ የቤቱን ድርሻ ጠርቦ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ማንም እንደዚያ አሳምሮ አልጠረበም። ሕዝቡ ግን ገና ሲያየው አጉረመረመ። «ቡዳ ባስቀመጠው ድንጋይ ላይ ልጄን አላስረግጥም!» አለች አንዲት ሴት። አንዱም ከኋላ ሆኖ፣ «እሱ ካስቀመጠ እኔ የእኔን ይዤ ወደ ቤቴ!» አለ። ሌሎቹም ድንጋያቸውን ማቀፍ ጀመሩ።

ባለጸጋው ክፉ ሰው አልነበረም። የቡዳውንም ወሬ ከልቡ አያምነውም። ግን ሕዝቡ ሊበተንበት ሆነ፣ ጥምቀትም እየቀረበ ነው፣ ቃሉም አለበት። ቀጥቃጩን ወደ ዳር ወሰደውና፣ «ያው ታየዋለህ፣ ወንድሜ። ለአንድ ድንጋይ ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ልበትን? ከስንቱ መካከል አንድ ቢጎድል ምን ይታወቃል?» አለው።

ምነው ፊትህ ተለዋወጠ፣ አቶ አጥናፉ? ቃሉ ያንተ ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ቀጥቃጩ ድንጋዩን መልሶ ተሸከመና ሄደ። ቄሰ ገበዙ ነገሩን ሰምተው ሲጠይቁት ባለጸጋው፣ «ከየቤቱ ስንል የእኛን ቤት ማለታችን ነው እንጂ፣ አባቴ» አላቸው። እሳቸውም ቅር እያላቸው ተመለሱ።

ድንጋዩ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ባለጸጋው ራሱ ቆጠረው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ረግረጉን አስቀድሞ በገመድ ለክቶታል፤ ከደረቁ መሬት እስከ ወንዙ አፍ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ክንድ ነው። ታቦቱ ከነጥላው፣ ዲያቆናቱም ከነጽናጽሉ እንዲያልፉበት ተብሎ ወርዱ አሥር ድንጋይ እንዲሆን ተስማሙ። ድርደራው ተጀመረ። አባወራው እየመጣ የየራሱን ያስቀምጣል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ጠላ ይቀዳል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ግን የቀረው ዘጠኝ ድንጋይ ብቻ ነው። ወንዙ አፍ ላይ፣ ታቦቱ ከመንገዱ ወደ ውሃው በሚወርድበት ቦታ፣ አንድ ክንድ ጭቃ ክፍቱን ቀረ።

እዚህ ላይ ጠብ ሆነ። የዘጠኙ ድንጋይ ባለቤቶች «የእኛ ቤት ለምን ጥርሱ የወለቀ ረድፍ ላይ ይውላል?» ብለው ተነሡ። አንዱ «የእኔን ወደ ላይ አውጡልኝ፣ የእሱ ይውረድ» ይላል። የተባለውም «ማን ነው የሚወርደው? አንተን ብሎ አውራጅ!» ብሎ ዱላውን ይጨብጣል። «ጎዶሎውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል እናዙረው» ያለም ነበር፤ ቄሰ ገበዙ «የተማላችሁት ሙሉ መንገድ ነው» ብለው ዝም አሰኙት።

ባለጸጋው ግን ሳቀ። «በዚህ ነው የምትጣሉት? ወርዱን መለወጥ ነዋ! የቁጥሩን ነገር ለእኔ ተዉት» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። በራሱ በጣም ይተማመን ነበር።

ሰፊ ቁርበት አነጠፈና በድንጋዮቹ ልክ ሽምብራ ቆጥሮ አፈሰሰበት። በመጀመሪያ በዘጠኝ በዘጠኝ ደረደረው። የመጨረሻው ረድፍ ስምንት ሆነ። አንድ ጎደለ። በስምንት ሞከረው፤ ሰባት ላይ ቆመ፣ አሁንም አንድ ጎደለ። «ግድ የለም፣ ሰባት አመለኛ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይውልም፣ እሱ ያወጣኛል» አለ። ሰባትም እንደ ጓደኞቹ አንድ ጎደለበት። ሚስቱ ብቅ ብላ አየችና፣ «ምነው ሽምብራውን ለሽሮዬ ቢተዉልኝ?» አለችው። «ዞር በይልኝ እባክሽ!» አላት። ስድስት አንድ ጎደለው። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁሉም አንድ አንድ ጎደላቸው። በመጨረሻ በሁለት በሁለት ቢያደርገው እንኳ አንዲት ሽምብራ ያለ ባልንጀራ ብቻዋን ቀረች።

ይኸ ድግምት አይደለም። የቁጥሩ ጠባይ ነው። በማንኛውም ወርድ ብትደረድረው አንድ ብቻ የሚጎድለው ከሆነ፣ አንድ ብትጨምርለት በማንኛውም ወርድ ይሞላል ማለት ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ከአንድ እስከ አሥር ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ሳይተርፍ ሳይጎድል ይከፈላል። ከእሱ በታች ብትፈልግ እንዲህ ያለ ሌላ ቁጥር አታገኝም። ተማሪዎቼ አያምኑኝም፤ ከአንድ ጀምረው ወደ ላይ ሲፈልጉ ይውሉና ደክሟቸው ይመለሳሉ። እንዴት ያለ ቸር ቁጥር ነው! ከአሥሩ አንዱንም አይመልስም። ያንን ሁሉ ቸርነት ግን አንዲት መጉደል ታጠፋዋለች። ሁለት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስታቆመው ከአሥሩ ውስጥ ከአንድ በስተቀር ሁሉንም ይመልሳል።

ባለጸጋው ይህ ጠፍቶት እንዳይመስልህ። ከዘጠኙ ድርድር ጀምሮ ያውቀዋል። የጎደለችው የማን ቤት እንደሆነችም ያውቃል። ቁርበቱ ላይ አጎንብሶ ወገቡ እስኪቆረጥ የሚደረድረው ያንን ደጃፍ ላለመርገጥ ነው።

ሊተወው ሲል አንድ ሐሳብ መጣለት። ወደ ታች ብቻ ነው የሄድኩት፣ ወደ ላይስ ብሄድ? አለ። በአሥራ አንድ ደረደረ። የመጨረሻውን ረድፍ ሞላ። አሥር፣ አሥራ አንድ። አንዲት ሽምብራ አልተረፈችም፣ አንዲትም አልጎደለችም! «ሞላ! ሞላ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ሮጣ መጣች። ሰውየው ግን እንደ ልጅ ይዘላል።

ከዚያ ረድፎቹን ቆጠረ። ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ። ረግረጉ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ክንድ ነው። የቁጥር ሰው ነውና ልዩነቱ ወዲያው ታየው፤ ሃያ ሦስት ክንድ። ደስታው ግን እንዲያስብ አልፈቀደለትም። «ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ትንሽ ነበር። እስከ ጥምቀት ወንዙ ዳር ይደርቃል» አለ። ለማንም አይደለም፣ ለራሱ ነው። በበጋ የማይደርቅ ምንጭ እንዳለበት እያወቀ።

ሕዝቡ ተጠራ። አባወራው ሁሉ የየራሱን ድንጋይ አነሣና በአሥራ አንድ ወርድ እንደገና ደረደረ። እንዴት አማረ! ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ስንጥቅ የለበትም። የተጣሉት ታረቁ። «አይ ጭንቅላት!» እያሉ ባለጸጋውን በትከሻቸው ሊያነሡት ምንም አልቀራቸው። ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

ቄሰ ገበዙ ግን እልል አላሉም። «ታቦቱን የምሸከመው እኔ ነኝ። እስቲ ልሂድበት» ብለው ጫማቸውን አወለቁና ታቦት እንደተሸከመ ሰው አንገታቸውን አቅንተው፣ ወደ ታች ሳያዩ ተራመዱ። ሕዝቡ በሁለቱ ዳር ቆሞ ይመለከታል። መንገዱ ሲያልቅ እሳቸው አልቆሙም። ታቦት የተሸከመ ሰው እግሩን አያይማ! አንድ እርምጃ ተራመዱና እስከ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ወንዙ ገና ከፊታቸው ነው።

ባለጸጋው ሮጦ ደረሰና እጃቸውን ያዘ። ሽማግሌው እዚያው ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ ቀና ብለው አዩት። «መንገድህ አምሯል፣ ልጄ። ጎዶሎም አላየሁበትም። ወንዙ ጋ ግን አያደርስም» አሉት።

ሰውየው አፈረ። ከእግሩ እስከ ራሱ እፍረት ወረረው። ቄሰ ገበዙን አውጥቶ እግራቸውን በገዛ ነጠላው ጠረገላቸውና፣ ወደ መንደሩ ዳር፣ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄደ።

ቀጥቃጩ ወናፉን ያናፋ ነበር። ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ነው፤ ሚስቱ ተቀምጣበት ጥጥ ትፈትላለች። ባለጸጋው እንደ ልማዱ ከደጃፉ ውጭ ቆመ።

«ጌታው፣ መሮ ደነዘዘ?» አለ ቀጥቃጩ ቀና ሳይል።

«መሮ አይደለም። ድንጋይህን ፈልጌ ነው። ስጠኝና ልሂድ።»

«አልሰጥዎትም።»

«እንዴት አትሰጠኝም?»

ቀጥቃጩ ወናፉን ተወው። «ድንጋይ ከሆነ የሚፈልጉት ተራራው ሙሉ ነው። የእኔን ቤት ከሆነ ግን ቤቴ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፣ ጌታው። እኔ በእጄ አስቀምጠዋለሁ፣ ሚስቴም ልጆቼም በላዩ ይሄዳሉ። ታቦቱን ከፊት አይተን እንደ ሰው እልል እንላለን። ይኸ ካልሆነ ሚስቴ መቀመጫ አላት፤ አያስነሷት» አለ።

ባለጸጋው ደሙ ፈላ። እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው የለም። ፊቱን አዙሮ ጥቂት ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም። ወደ ቤቱ እንዳይገባ ሽምብራው ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ ወደ ደብሩ እንዳይሄድ የቄሰ ገበዙ እግር ገና አልደረቀም። አገሩንም ሊያጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰውየው እውነቱን እንደተናገረ ልቡ ያውቀዋል። ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ደጃፉ ላይ አልቆመም። ጎንበስ ብሎ ገባና እሳቱ አጠገብ፣ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

«እሙዬ፣ ውሃ ስጪኝ» አላት ሴትየዋን።

ሴትየዋ ባሏን አየችው። ባሏም እሷን አያት። በዚያ ቤት ከዘመድ በቀር ውሃ የጠየቀ እንግዳ ኖሮ አያውቅም። በቅል ቀድታ አመጣችለት። እሱም ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ቅሉን መለሰላት። ቀጥቃጩ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ፤ እንባው መጥቶበት ነው። ከዚያ ሁለቱ ድንጋዩን በሁለት ወገን ያዙና ወጡ።

ሕዝቡ ገና ከረግረጉ ዳር አልተበተነም። አባወራው ሁሉ እንደገና የየራሱን አነሣና በአሥር ወርድ ደረደረ። መጨረሻ ላይ ያቺ አንድ ክንድ ክፍት ቦታ መጣች። ቀጥቃጩ ተንበርክኮ ድንጋዩን ገጠመው። ልክክ አለ።

ያ ቀደም ሲል «እኔ የእኔን ይዤ ወደ ቤቴ» ብሎ የፎከረው ሰው ወደ ገዛ ድንጋዩ አጎነበሰ፤ ሊያወጣ ነው። ባለጸጋውም፣ «አንሣው፤ ግዝቱን የምትሸከመው አንተ ነህ። እኔ ግን አሁን ከዚህ ሰው ቤት ውሃ ጠጥቼ መምጣቴ ነው። ከእሱ የምትሸሽ ከእኔም ሽሽ» አለው። ሰውየው ዙሪያውን አየ። አብሮት ያጎነበሰ የለም። ቀስ ብሎ ቀና አለና ቀበቶውን የሚያስተካክል መሰለ። ሁሉም ሰው ያን ቀን ልቡ ተለወጠ ብዬ ግን አልዋሽህም። ያቺ «ልጄን አላስረግጥም» ያለችው ሴት በዚያ ዓመት ጥምቀት ልጇን አዝላ ከመንገዱ ዳር በጭቃው ውስጥ ሄደች። ታቦቱ ግን በደረቅ ድንጋይ ወረደ። ቄሰ ገበዙ ወደ ውሃው የወረዱት ከዚያች ከመጨረሻዋ ድንጋይ ላይ ነው፤ የቀጥቃጩ ሚስት እልልታ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ፣ አቶ አጥናፉ፣ መልስህ ይኸ ነው። ደብሩ እድርህ ነው፤ ቀጥቃጩ ያቺ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባለጸጋው ማን እንደሆነ ሳልነግርህ አውቀኸዋል። እሷን ትታችሁ እድር መሆን አትችሉም አልልህም። ትችላላችሁ። አሥራ አንድም ሞልቶ ነበር፤ ቁጥር አይዋሽም። ድንኳናችሁ ይተከላል፣ ወንበራችሁ ይደረደራል፣ ከበር ሆኖ ለሚያያችሁ ምንም አይጎድላችሁም። እኔ ግን የምጠይቅህ ስፋቱን አይደለም። እድር የተሠራው ሰውን እስከ መቃብሩ ለማድረስ አይደለም እንዴ? የዚያች ሴት ባል አልጋ ላይ መዋሉን አንተው ራስህ ነግረኸኛል። ዛሬ ወይ ነገ ያ ሰው ያርፋል። ያን ጊዜ ሴትየዋ ከልጆቿ ጋር ሬሳውን ተሸክማ በደጃችሁ ስታልፍ፣ ያ ሁሉ አባልህ በር ዘግቶ ሲቀመጥ፣ አንተም በመስኮት ስታያት፣ እድርህ የት ድረስ እንደሚያደርስ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

ጸሐፊህን አትላክ፤ ራስህ ሂድ። ተነሥ፣ ቤቷ ሩቅ አይደለም።